ሦስተኛው ሽቦ

ረቡዕ ዕለት ሥራ አልነበረንም። ፍኖተ ሰላም በተከራየነው ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ወንድሜ ገበያው ፓድ ያጥባል፤ እኔ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ፓድ የምንለው ከማሽኑ ሥር የሚገጠመውን ክብ ሸካራ ነገር ነው። ጥቁሩ አሮጌ ሰም ይልጣል፣ ቀዩ ያጸዳል፣ ነጩ ያብለጨልጫል። ለየብቻ መሰጣት አለባቸው። የጥቁሩ አሸዋ ነጩ ላይ ከተራገፈ በማግሥቱ የሰው ወለል ይጫራል። እኔ ቀላቅዬ አስጥቼ ነበር።

«አንተ ይበልጣል፣ ጤፍና ዳጉሳ አንድ ጎተራ ታስገባለህ?» አለኝ።

«ሲደርቅ እለየዋለሁ።»

«ሲደርቅማ ማንም ይለየዋል።»

ሚስቱ አበዙ ምሳ ይዛልን ወጣች። ፓዶቹን አየችና፣ «የሰው ወለል መስታወት ታስመስላላችሁ፤ የእኔ ሊሾ ተሰነጣጥቆ አይጥ ይወጣበታል» አለች።

«አይጡም ደንበኛ ነው፤ ክፉ አትናገሪው» አላት ገበያው። ሦስታችንም ሳቅን።

ከምሳ በኋላ አዲሱን ማሽን አወጣነው። አዲስ እላለሁ እንጂ አሮጌ ነው። ከባሕር ዳር ሁለተኛ እጅ የገዛሁት እኔ ነኝ። ገበያው በጎኑ አስተኛውና ሥሩን አየ፤ መንኮራኩሩን በእጁ አሽከረከረ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ገመዱን ከማሽኑ ጀምሮ በጣቶቹ እየዳበሰ እስከ ስፒናው ደረሰ።

«ይሄ ሦስት እግር አልነበረውም?»

«ነበረው። ሶኬት ስለማይቀበለው በሁለት እግር ቀየርሁት።»

«ሦስተኛውን ሽቦስ የት አደረግኸው?»

«ውስጡን አስሬዋለሁ።»

አላሰርሁትም። ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን ሽቦ በጉጠት ቆርጬ በፕላስተር ጠቅልዬው ነበር። የሁለት እግሩን ስፒና ከሱቅ ስገዛ፣ የመሬት ሽቦ የሚቀበለው ዓይነት ከጎኑ ተሰቅሎ አይቻለሁ። በእጄ የነበረው ግን ለርካሹ የሚበቃ ነበር። «ነገ እቀይረዋለሁ» ብዬ ነበር፤ እንዲሁ ዋለ፣ እንዲሁ ሰነበተ። ሲጠይቀኝ አፈርሁ። አፍሬ ዋሸሁ።

ገበያው አየኝና «ጎበዝ» አለኝ።

ያ ቀን እንዲህ አለፈ። ከዚያ በኋላ ተራ ቀን አላየሁም።

አሁን ሥራውን ትቻለሁ። ቡሬ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ነኝ። ነገር ግን ስድስት ዓመት የወለል ማሽን ገፍቻለሁ፤ ሰዎችም ያውቁኛል። ባለፈው ሰሞን አንድ የሆቴል ባለቤት መጋዘኑ ድረስ መጥተው «ማሽን ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» አሉኝ። መመለስ ጀመርሁ፤ መሐል ላይ ቃሉ ጠፋኝ። እሳቸው ግራ ተጋብተው ሄዱ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልሁ። እንዴት እንደሚጻፍ በደንብ አላውቅም። እንደመጣልኝ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ያኔ ገበያው ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ በጽዳት ብዙ ዘመን ሠርቶ፣ አንድ ማሽን ገዝቶ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመልሶ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ስጠራው «ጋሼ» ነው የምለው። «ናና ማሽን ግፋ፤ ከመቀመጥ ይሻላል» አለኝ። ቀላል መስሎኝ መጣሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የአንድ ሆቴል መግቢያ ነበር፤ ወለሉ ቴራዞ ነው። ማሽኑን ጨበጥሁት፤ እየጎተተ ወስዶ ከግድግዳ ጋር አላተመኝ። የአበባ ማሰሮም ሰበርሁ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደረጃ ላይ ቆመው ያያሉ።

«ገበያው፣ ይህ ልጅ ማሽን ይነዳል ወይስ ማሽን ይነዳዋል?»

«ገና እየተዋወቁ ነው፣ እመቤቴ» አለ ገበያው። ወደ እኔ መጣና ከኋላዬ ቆሞ እጁን በእጄ ላይ አደረገ። «አትታገለው። እጀታውን ትንሽ ስታነሣው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ትንሽ ስትጫነው ወደ ግራ። እምብርትህ ልክ ላይ ያዘው። ሙሽራ እንደያዝህ አስብ፤ ከጨመቅሃት ታፍራለህ።»

በጉልበት የሚሠራ መስሎኝ ነበር። በአንድ ጣት የሚነዳ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ ቡሬ የአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራን። አንድ ክረምት ሙሉ። ያሠሩን የኮሌጁ ኃላፊ መልካም ሰው ነበሩ፤ ሥራ ሲያልቅ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት። የሚከፍሉት ዘግይተው ነው፤ ግን ይከፍላሉ። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሁለት ሱቆች። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ሥራ የለም፤ መብራት በጠፋ ቀንም ሥራ የለም። እንደዚያ ነበር።

ፈረስ ቤት ከተማ ላይ ያበላሸሁትን ልጻፍ። የአንድ ቢሮ ወለል ነበር። ገበያው ታሞ እኔን ብቻ ላከኝ። ሰሙን ቀባሁ፤ እንደ ፍኖተ ሰላም ቶሎ የሚደርቅ መሰለኝና ሳይደርቅ ሁለተኛውን ደረብሁበት። ፈረስ ቤት ደጋ ነው። በማግሥቱ ወለሉ ሁሉ እንደ ውርጭ ነጭ ሆኖ አደረ። በእጄ ብነካው ይጣበቃል። ገበያው ሕመሙን ይዞ በሚኒባስ መጣ። አልተቆጣም። ወለሉን አየ፤ «ብርድ ልብስ ያለበሰው ሰው ማነው?» ብሎ ሳቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ያን ሰም ላጥነው። ከዚያ በየክፍሉ የከሰል ምድጃ አስገብተን፣ መስኮት በትንሹ ከፍተን፣ አንድ እጅ እየቀባን፣ በጣታችን ጀርባ እየነካን ጠበቅን። ጀርባው ነው እርጥበት የሚያውቀው፤ የጣት ጫፍ ይደነዝዛል። ይህም የእሱ ትምህርት ነው።

ሌላ ልማድም ነበረው። ዋናው እሱ ነው።

ገበያው ወለል በዓይን አይፈርድም። «ዓይን ይሸነገላል፤ ብርሃን ካለ ሁሉም ያበራል» ይላል። አንድ ክፍል ሲጨርስ ቦቲ ጫማውንና ካልሲውን ያወልቅና በባዶ እግሩ ይሄድበታል። ቀስ ብሎ፣ ከበር እስከ ግድግዳ። በእግሩ የቀረ አሸዋ፣ ያልለቀቀ ሳሙና፣ ያልተስተካከለ ሰም ያገኛል። «እዚህ ጋ» ብሎ ጣቱን ይጠቁማል፤ እኔ ምንም አይታየኝም፤ ስዳብሰው ግን አለ። ቡሬ ያሉ ደንበኞቻችን «ባዶ እግሩ» ይሉት ነበር።

ለዚህ ልማዱ አንድ ሕግ አበጅቶለት ነበር። ጫማውን ከማውለቁ በፊት ማሽኑን ከማራዘሚያው ገመድ ይነቅላል፤ የገመዱንም ስፒና ከግድግዳው ይነቅላል፤ ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ያደርግና ስፒናውን ደረቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። «ስፒናው እኔ ጋ ካለ መብራት የለም ማለት ነው» ይላል። እርጥብ ወለልና ባዶ እግር ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳያንጠለጥል ጫማ ሲያወልቅ አላየሁትም።

ግን ሕጉ የአንድ ማሽን ሕግ ነበር። ያን ዘመን ሁሉ የነበረን አንድ ማሽን ብቻ ነው። ይህን እኔም አላሰብሁትም፣ እሱም አላሰበውም።

ሁለተኛ ማሽን ይገዛ ያልሁት እኔ ነኝ። ቡሬ ላይ አዲስ የሠርግ አዳራሽ ተሠርቶ ነበር። ባለቤቱ አቶ ዋለ ለጥር ሠርግ ሊከፍቱት ፈለጉ። ሰፊ ነው፤ በአንድ ማሽን አይደረስም። ገበያው ከባድና ዝግ ያለ ማሽን ይፈልግ ነበር። «ማሽን ስትገዛ ድምፁን ስማ፣ ገመዱን እይ፣ ከዚያ ዋጋውን ጠይቅ» ይለኛል። እኔ መጀመሪያ ዋጋውን ጠየቅሁ። ርካሽ ነበር፤ ያብረቀርቃል፤ ሞተሩ ይፎክራል። ገዛሁት።

ለሆቴሉ ባለቤት ልመልስ የነበረው እንግዲህ ይህ ነው። ለእርጥብ ሥራ ዝግ የሚለውን ይግዙ፤ ፈጣኑ ለደረቅ ወለል ነው። ሰፊ ለሆነ ቤት ሰፊ ማሽን ጥሩ ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ግድግዳ ይበላል። የሚለዋወጥ ፓድ እዚሁ አገር መገኘቱን ይጠይቁ። ገመዱ የተላጠ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ከሆነ ጥለውት ይሂዱ። ስፒናውን ያስፈቱና ሦስቱ ሽቦ ታስረው እንደሆነ በዓይንዎ ይዩ። ሦስተኛው ሽቦ ማሽኑን አያሽከረክረውም፤ ቢቆረጥም ማሽኑ ይሠራል፤ ስለዚህ ሰው ይንቀዋል። ማሽኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ የፈሰሰ ቀን ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው። እሱ ከሌለ የሚያልፈው በያዘው ሰው በኩል ነው።

ሐሙስ ማለዳ ቡሬ ደረስን። የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን አለኸኝ በሩን ከፈተልን። በሠላሳዎቹ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ መሰላል ላይ ሆኖ የመጨረሻ አምፖሎችን ይገጥም ነበር።

«ሶኬቶቹ ሁሉ የመሬት ሽቦ አላቸው» አለን። «ማሽናችሁን በፈለጋችሁበት ሰኩ።»

«እንዲህ ያለ ሰው ነው የምወደው» አለ ገበያው።

እኔ ባለ ሁለት እግሩን ስፒና ሰካሁት።

ወለሉን በውሃና በሳሙና አጥለቀለቅነው። ገበያው በራሱ ማሽን ከመድረኩ በኩል ጀመረ፤ እኔ በአዲሱ ከበሩ በኩል። ሁለታችንም ቦቲ አድርገናል። ቦቲ ጎማ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ቢሆንም አልተሰማኝም።

ሦስት ሰዓት ገደማ ገበያው የራሱን ግማሽ ጨረሰ። ነቀለ፤ ጠቀለለ፤ ስፒናውን ደረቱ ላይ አንጠለጠለ፤ ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ መመላለስ ጀመረ። እኔ እየሠራሁ ነው። ፈጣን ማሽን በእርጥብ ወለል ላይ ይንሸራተታል፤ አዳልጦኝ ወደ ምሰሶው ወሰደኝ። አዲስ እብነ በረድ የለበሰ ምሰሶ ነው።

«ጋሼ፣ ሊመታው ነው!» ብዬ ጮህሁ።

ጠራሁት። እኔ ነኝ የጠራሁት። ልቀቀው ቢለኝና ብለቀው ማሽኑ ይቆም ነበር። እሱ ግን ሮጦ መጣ። በእጁ ገፋ አደረገኝና እጀታውን ጨበጠ።

ማስነሻው እጀታው ላይ ነው፤ ሲጨብጡት ይሠራል፣ ሲለቁት ይቆማል። ገበያው አልለቀቀም። መልቀቅ አልቻለም። መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ወደ ሶኬቱ ሮጥሁ፤ አዳለጠኝና ወደቅሁ፤ ተነሥቼ እንደገና ወደቅሁ። መብራቱን ያጠፋው አለኸኝ ነው። ከመሰላሉ ዘሎ ብሬከሩን ጣለው። መኪና እስኪመጣ ድረስ ደረቱን ሲጫንለት የነበረውም አለኸኝ ነው። እኔ እግሩን ይዤ ተቀምጬ ነበር። የራሱ ገመድ ስፒና አሁንም ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አለኸኝ ደረቱን ለመጫን ወደ ጎን አደረገው።

ሐኪሙ መሞቱን አይቶ ወረቀት ጻፈልን፤ ፖሊስም ቃሌን ተቀበለ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው የትውልድ ቀበሌያችን ቀበርነው። ስለ ቀብሩ አልጽፍም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። የአባታችን ወንድም አያ ታከለ ከመሐል ተቀምጠዋል። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን ትልቅ እሳቸው ናቸው።

«መብራት እንዲሁ ሰው አይገድልም» አሉ። «የዘረጋው ሰው አለ። አለኸኝ ይባላል አሉ። ፖሊስ ይዞታል።»

የአጎቴ ልጅ «ፖሊስ የለቀቀው እንደሆነስ?» አለ።

«የለቀቀው እንደሆነ ቤቱ አይጠፋንም።»

ማንም «ተው» አላለም። በእኛ አገር ይህ ንግግር ወዴት እንደሚሄድ ሕፃን ያውቀዋል። ደም ከገባ በኋላ ሽማግሌ እግሩ እስኪነቃ ይመላለሳል፤ የሚታረቅም አለ፣ የማይታረቅም አለ።

አያ ታከለን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራኋቸው።

«አያ፣ ሽቦውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ሽቦ?»

ነገርኋቸው። ስለ ስፒናው፣ ገበያው ስለ ጠየቀኝ፣ እኔም ስለ ዋሸሁት። ሽቦ ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው። ሲገባቸው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ለማን ነገርህ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲያው አንተም አላልህ፣ እኔም አልሰማሁ። እናትህ ዛሬ አንዱን አፈር አልብሳለች። ሁለተኛው በገዛ አፉ እስር ቤት ይግባ?»

«አለኸኝስ?»

«እሱም ዘመድ አለው። ዘመዶቹ ይጨነቁለት።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለኛል፤ «አሜን» እላለሁ። የአለኸኝ ስም ደጋግሞ ተነሣ። ያን ቀን ዝም ብዬ ዋልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ሰሌን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሴቶቹ ገና አልመጡም። አበዙ ጓዳ ውስጥ ተኝታለች፤ ትተኛ እንደሆነ እንጃ። እናቴ ፊት ተንበረከክሁ።

«እማዬ፣ የምነግርሽ አለ።»

ነገርኋት። ለእሷ አንድ ጊዜ በቃት። አላቋረጠችኝም።

«ጮኸ?» አለችኝ።

«አልጮኸም።»

«የታሰረውን ሰው ማን አልኸኝ?»

«አለኸኝ።»

«ልጆች አሉት?»

«ሁለት አሉት ሲሉ ሰምቻለሁ። ትንሿ ገና አልቆመችም።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ከነጠላው ሥር፣ «ታዲያ ምን ቁጭ አልህ?» አለችኝ።

«አያ ታከለ…»

«ታከለን ለእኔ ተወው።»

ተነሣሁ። ስወጣ አላየችኝም። ይቅር አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። እስከ ዛሬም አንዱንም አላለችኝም።

በእግሬ አስፋልት ወጣሁ፤ ሚኒባስ አገኘሁ፤ ቡሬ ወረድሁ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ በእጇ የምሳ ዕቃ ይዛ ቆማለች። የማን ሚስት እንደሆነች አልጠየቅሁም። በአጠገቧ አልፌ ገባሁ።

መርማሪው ሳጅን ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

«የሟች ምን ነህ?»

«ወንድሙ።»

«እግዚአብሔር ያጥናህ። ትናንት ቃልህን ሰጥተህ የለም?»

«የትናንቱ ጎደሎ ነው።»

ወንበር ሰጡኝ። ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ እሳቸው ይጽፋሉ። ስንተባተብ ይጠብቁኛል። ማሽኑ ያለው እነሱ ጋ ነው፤ ስፒናውን ፈትተው እንዲያዩ ነገርኋቸው። ሲጨርሱ አነበቡልኝ። «ሟች በራሱ ማሽን ሲሠራ» የሚል ቦታ ላይ ደረሱ።

«እሱ ይስተካከል» አልሁ። «ማሽኑ የእሱ አይደለም። የኔ ነው።»

«ምን ለውጥ አለው?»

«የእሱ ሽቦ ሙሉ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሰረዙትና ከላዩ ጻፉበት። ብዕሩን ሰጡኝ፤ ፈረምሁ።